ሬዲዮውን ይዘን ተራራ እንውጣ

በአጭር ሞገድ ለሚገናኙት የዓለም አማተር ሬዲዮ ሰዎች «ኢቲ» ብሎ የሚጀምር የጥሪ ምልክት ብርቅ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ጣቢያ አየር ላይ ወጥቶ ምልክቱን ከጠራ፣ ብዙም ሳይቆይ ከጃፓን፣ ከጣሊያን፣ ከብራዚል፣ ከአሜሪካ የሚመልሱት ድምፆች ተደራርበው አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታል። ሁሉም በመዝገባቸው ላይ ኢትዮጵያን ማስፈር ይሻሉ። መፈለግ ደስ ይላል። የተፈለግንበት ምክንያት ግን ሊቆጨን ይገባል፤ ብርቅ የሆንነው ስለማንሰማ ነው። ራስ ዳሸን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ ጉና፣ ጮቄ፣ ጉጌ ሁሉም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። ለሬዲዮ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? የእነዚህን ተራሮች ቁመት በልጅነታችን ለፈተና ሸምድደናል። አሁን ደግሞ ከጫፋቸው ላይ ሆነን እንናገርባቸው።

ይህን የምጽፈው ለኢንጂነሪንግና ለፊዚክስ ተማሪዎች፣ ቅዳሜና እሑድ ተራራ ለሚወጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች፣ ከቴሌ፣ ከአየር መንገድና ከሠራዊቱ መገናኛ ክፍል በጡረታ ለወጡ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቼ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተሰባሰቡ፣ ፈቃድ አውጡ፣ ትንሽ ሬዲዮና ትንሽ ባትሪ አዝላችሁ ተራራ ውጡ፤ ከላይ ሆናችሁም ተገናኙ።

አማተር ሬዲዮ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በደንቡ የሚያውቀው አገልግሎት ነው። ዓላማው ራስን በራስ ማስተማር፣ እርስ በርስ መገናኘትና ቴክኒካዊ ምርምር ነው። ገንዘብ አይሠራበትም፣ ማስታወቂያ አይነገርበትም፣ መልእክቱም በምስጢር ኮድ አይቆለፍም። የሚነገረውን ማንም ሬዲዮ ያለው ሰው ያዳምጠዋል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለእኛ አገር ትልቅ ትርጉም ስላላት በኋላ እመለስባታለሁ።

ሬዲዮን ወደ ተራራ የማውጣቱ ልማድ ዛሬ በዓለም ላይ በሚታወቅበት መልኩ የተደራጀው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ጆን ሊንፎርድ ሲሆን፣ ከሪቻርድ ኒውስቴድ ጋር ሆነው «ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር» የተባለውን እንቅስቃሴ መሠረቱ። ብዙዎች በአጭሩ «ሶታ» ይሉታል። ደንቡ ቀላል ነው። ተራራው ከዙሪያው መሬት በበቂ መጠን፣ በአብዛኛው ቢያንስ 150 ሜትር፣ ከፍ ብሎ ራሱን ችሎ የቆመ መሆን አለበት። የመጨረሻው አቀበት የሚወጣው በሞተር ሳይሆን በጉልበት ነው። ጄኔሬተር ማስነሳት ክልክል ነው፤ ጣቢያው የሚሠራው በባትሪ ወይም በሶላር ነው። ከጫፉ ሆኖ ቢያንስ ከአራት የተለያዩ ጣቢያዎች ጋር የተገናኘ ሰው የተራራውን ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ 1,000 ሲሞላለት «የተራራ ፍየል» የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል። የዋልያ አገር ልጆች ይህን ማዕረግ ለሌላ ትተን መቀመጣችን አያምርብንም።

ነጥቡን ለሚወዱት ልተወው። እኔ የምወደው ደንቡ የሚያስገድደውን ድካም ነው። የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ቢሆንም መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻል ነበር። ደንቡ ግን «ውረድና በእግርህ ውጣ፣ የምትሠራበትን ኃይል በጀርባህ ተሸከም» ይላል። ሰው የሚሸከመውን ሲመርጥ ደግሞ የምር ይማራል። ስንት አምፒር ሰዓት ባትሪ ይበቃል? ስንት ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል? የቱ መሣሪያ ይቅር? በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የተጻፈ የኦም ሕግ 4,000 ሜትር ላይ፣ በብርድ በደነዘዘ እጅ፣ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሥራው ይህን ይመስላል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታያላችሁ። ከዚያ ምሰሶ ይቆማል። ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ እየተሳበ የሚረዝም የፋይበር ግላስ ዘንግ ይገዛሉ። እኛ ግን ቀርከሃ አለን፤ ስድስት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ቀርከሃ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ለሦስት ቆርጦ፣ ተሰክቶ የሚገጣጠም አድርጎ ቢሠሩት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይሄዳል። ከቀርከሃው አናት ሁለት ሽቦዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወርዳሉ፤ ለ14 ሜጋ ኸርዝ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ያህል፣ ለ7 ሜጋ ኸርዝ 10 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። መርካቶ የሚሸጠው ተራ የመብራት ሽቦ ይበቃል። ጫፎቻቸው በሲባጎ ተቋጥረው ከድንጋይ ጋር ይታሰራሉ። ከመካከሉ ኬብሉ ወርዶ ከሬዲዮው ጋር ይገናኛል። ሬዲዮው፣ የያኤሱው ኤፍቲ-818 ወይም የአይኮሙ አይሲ-705 ዓይነቱ፣ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የሚረጨው ጉልበት ከ5 እስከ 10 ዋት ነው። አንዲት የቤት አምፖል የምትበላውን ያህል ማለት ነው።

ከዚያ ማይኩ ይነሳና «ሲኪው፣ ሲኪው» ይባላል፤ የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ ማለት ነው። የራስን የጥሪ ምልክት በፊደል በፊደሉ ጠርቶ ዝም ይባላል። ከተማ ውስጥ ይህ ዝምታ በጩኸት የተሞላ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ርካሹ የኤልኢዲ መብራት፣ ቻርጀሩ፣ ሁሉም በሬዲዮው ውስጥ ሺሺ ይላሉ። ከዚህ ሁሉ በራቀ ተራራ ላይ ግን ሺሺታው ይጠፋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ በጣም ደካማ የሆነ ድምፅ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ወዲያ፣ ምልክታችሁን መልሶ ሲጠራችሁ የሚሰማውን ስሜት ያየ ያውቀዋል። ሰዓቱ፣ ፍሪኩዌንሲው፣ የተገናኛችሁት ጣቢያ ምልክትና ድምፁ የተሰማበት ጥራት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ መዝገቡ ላይ 6 ሰዓት ተብሎ ይገባል። ጀማሪ ሁሉ እዚህች ላይ ይሳሳታልና ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ብቻ ቢሆንም ባልከፋ። ነገር ግን ለእኛ ከጨዋታ ይበልጣል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ፣ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። ሬዲዮ ቢኖር ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር ብዬ አልዋሽም። ተራራማው መሬታችን ግን አደጋው የሚደርስበትም፣ መንገድና ኔትወርክ መጀመሪያ የሚቋረጥበትም ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከአደጋው ቦታ እስከ ዞን ከተማ፣ ከዞን ከተማ እስከ አዲስ አበባ፣ ምን ደረሰ፣ ስንት ሰው ተጎዳ፣ ምን ይላክ የሚለውን ግልጽ አድርጎ የሚያስተላልፍ፣ ኤሌክትሪክም ማማም የማይፈልግ፣ በጀርባው ጣቢያ አዝሎ የሚሄድ ሰው ያስፈልገናል። እንዲህ ያለ ሰው አደጋው በደረሰ ዕለት አይፈጠርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ፖርቶ ሪኮን ሲያወድም መብራቱም ስልኩም ከደሴቲቱ ጠፋ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ሰው ጠየቀ፤ 22 ፈቃደኞች ሬዲዮአቸውን ይዘው ሄዱ። ሽቦ በተገኘው ነገር ላይ ሰቅሎ፣ በባትሪ ጣቢያ ማቆም የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ይህን ችሎታ የሚሰጠው ደግሞ በየሳምንቱ ሜዳና ተራራ ላይ የሚደረግ ልምምድ ነው። ተራራ ላይ ጣቢያ ያቆመ ሰው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ማቆም ቀልድ ይሆንለታል።

የመሬታችን አቀማመጥ ለዚህ ሥራ ጠላት መስሎ ይታያል። በዓባይ ሸለቆ ግርጌ ያለ ሰው በእጅ ሬዲዮ ከገደሉ ማዶ ካለ ሰው ጋር መነጋገር ይቸግረዋል፤ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ገደሉ ይመታውና ይቀራል። ከላይ የገለጽኩት ዝቅ ብሎ የተሰቀለ የ7 ሜጋ ኸርዝ ሽቦ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። አብዛኛውን ጉልበቱን ወደ ሰማይ ይልከዋል። ከምድር በላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው፣ የፀሐይ ጨረር የኤሌክትሪክ ባሕርይ የሰጠው አዮኖስፌር ይመልሰዋል። ሲመለስም እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ እስከ 300 እና 400 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ይሸፍናል። ከላይ ስለሚመጣ ሸለቆውም ተራራውም አያግደውም። ስድስት ሜትር ቀርከሃ ለዚህ ዝቅተኛ መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ የሚፈለገው ቁመት እሱ ራሱ ነው። ከደሴ ጎንደር፣ ከጎባ አዲስ አበባ በ5 ዋት ማለት ይህ ነው።

ሌላም አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። በዚህ ወገብ ላይ ያለው አዮኖስፌር ከሌላው ዓለም የተለየ ጠባይ አለው፤ ቀን ይበረታል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ይናወጣል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆነው ጆ ቴይለር ራሱ አማተር ሬዲዮ ሰው ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ዊስፐር» የተባለ ሥርዓት ከ1 ዋት ባነሰ ጉልበት የተላከ ምልክት የት የት እንደተሰማ በዓለም ዙሪያ ይመዘግባል። አንድ ተማሪ ጉና ላይ ሌሊቱን በሙሉ አንዲት ትንሽ ማሰራጫ ሠርታ ብታሳድር፣ ጠዋት የምታገኘው መረጃ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነው። በአገራችን ሰማይ ላይ የሚሆነውን ራሳችን ለክተን ብንጽፍ እንዴት ባማረ!

አሁን የሚነገረውን ማንም ያዳምጠዋል ወዳልኳት ነጥብ ልመለስ። በእኛ አገር ተራራ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚሰቅልና በማይክ የሚናገር ሰው ሲታይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ሰው ለማን ነው የሚሠራው?» ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙ ያየ ሕዝብ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውን ማንቋሸሽም ሆነ መሸሽ አይገባም። መልሱ ሥራችንን በአደባባይ ማድረግ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር ማንም ማይክ አይንካ። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ሲሆን የአገሪቱን የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከመውጣታችን በፊት የፈቃዱን ቅጂና ከክለባችን የተጻፈ ደብዳቤ ይዘን ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ እንሂድ፤ መቼ እንደምንወጣ፣ ስንት እንደምንሆን፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደምንሠራ እንንገር። ግጭት ባለበት ወይም ጸጥታው ባልተረጋገጠ አካባቢ አንወጣም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ከወታደራዊና ከቴሌኮም ተቋማት አጠገብ አንቴና አንሰቅልም። ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ የፓርኩን ደንብ ጠብቀን፣ ስካውቱን ይዘን እንሄዳለን። ተራራው ገዳም ወይም መስጊድ ካለበት አባቶችን አስፈቅደን፣ ፈቀቅ ብለን እንሠራለን። ለምሳሌ ዝቋላ የአቦ ገዳም ያለበት፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን የሚጎርፉበት ተራራ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ቦታው የተሳላሚ ነውና እኛ ሌላ ቀን እንምረጥ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ተራራው ላይ የምናገኘውን ሰው እንጋብዝ። እረኞቹ ሽቦው ገና ሳይሰቀል ከበው ይቆማሉ። ድምፁን ከፍ አድርገን እናሰማቸው። በሚገባቸው ቋንቋ እናስረዳቸው፤ የሚነገረው ሁሉ ክፍት እንደሆነ፣ መዝገቡም ለማንም የሚነበብ እንደሆነ እናሳያቸው። ከወዲያኛው ተራራ ላይ ያለው ጓዳችን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሰላምታ ሲሰጣቸው የሚጠፋው ጥርጣሬ በመቶ ደብዳቤ አይጠፋም። ደገኛው ከጋራ ጋራ እየተጣራ ወሬ ያቀባበለ፣ ለቅሶ የነገረ፣ የጠፋ ከብት ያፈላለገ ሕዝብ ነው። ይህን ሥራ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። ከእነዚያ ልጆች መካከል አንዱ የነገ ኦፕሬተር እንደሚሆን ደግሞ አልጠራጠርም።

ከማን ጋር እንጀምር ለምትሉ፣ ቤቱ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ «ኢቲ3ኤኤ» የተባለው የክለብ ጣቢያ በዓለም የታወቀ ነው። ከእሱ ተማሩ፣ ከእሱ ጋር ተባበሩ። የምለው ግን ጣቢያው ከአንድ ግቢ ይውጣ ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ አዳማ፣ እያንዳንዳቸው ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ተራራ ቅርባቸው ነው። መምህራን ሆይ፣ የአንቴና ኮርስ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቅዳሜ ወደ ውጭ አውጡ። ሴት ተማሪዎችን በግብር ይውጣ ሳይሆን ማይኩን አስይዛችሁ አስጀምሩ፤ በተደራረቡ ድምፆች መካከል ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ ሁልጊዜም ተፈላጊ ነው።

እናንት በጡረታ ያላችሁ የመገናኛ ባለሙያዎች ደግሞ እባካችሁ ከቤት ውጡ። ሞርስ በጆሮው የሚያነብ፣ በማዕበል ወቅት መልእክት ሳይሳሳት የሚቀበል ሰው በየሰፈሩ ቁጭ ብሏል። ሞርስ ለአማተር ፈቃድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ግዴታ መሆኑ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በትንሽ ጉልበት ሩቅ ለመድረስ ግን እስካሁን ተራራ ወጪዎቹ የሚተማመኑበት እሱ ነው። የሰው ድምፅ ተውጦ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ያቺ ቲቲታ ትሰማለች። ይህን እውቀት ይዛችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ለአንድ ወጣት፣ ለሁለት ወጣት አስተምሩ።

በውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ሰበብ የለም። አሜሪካ ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው በይፋ ይታተማሉ። ዜግነት አይጠይቅም። በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩት እንደ ልብ የሚወጡት የሸናንዶዋ ተራሮች ቅርብ ናቸው፤ ከእነሱ ረጅሙ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ። በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በጣሊያን ያላችሁም አልፕስ ደጃችሁ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ እ.ኤ.አ. በ2024 ጫፍ ደርሳለች፤ የላይኞቹ የአጭር ሞገድ ባንዶች በእንዲህ ያለ ዘመን በትንሽ ጉልበት ከአህጉር አህጉር ይወስዳሉ። ከቨርጂኒያ ተራራ የኢትዮጵያን ተራራ መጥራት ሕልም አይደለም። ለአገር ቤት ቡድኖች ሬዲዮ ለመላክ የምታስቡ ደግሞ በሻንጣ ከመክተታችሁ በፊት የማስገቢያ ፈቃዱን በአግባቡ አስጨርሱ፤ ያልተፈቀደ መሣሪያ የአንድ ሰው ችግር ሆኖ አይቀርም፣ በሁላችንም ላይ በር ይዘጋል።

ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም ጥያቄ አለን፤ በአክብሮት እንጠይቃለን። ፈተናው በግልጽ ማስታወቂያ ይውጣ፣ በክልል ከተሞችም ይሰጥ። የተማሪ ክፍያ ከተማሪ ኪስ ጋር ይመጣጠን። ፈቃድ ያለው ሰው ጣቢያውን ይዞ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስና ተራራ ላይ መሥራት እንደሚችል በጽሑፍ ይገለጽ፤ ይህች አንዲት መስመር ቀበሌ ድረስ የምታስከብር መታወቂያ ትሆነናለች። ይህን ለየብቻ ብንጠይቅ የአንድ ሰው ማመልከቻ ሆኖ ይቀራል። ከአሥር ዩኒቨርሲቲና ከአሥር የተራራ ቡድን አንድ ላይ ፈርመን ብንገባ ግን ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ጥንቃቄን በተመለከተ ጥቂት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክረምት ላይ ከቀትር በኋላ በደጋው ጫፍ አንቴና ማቆም መብረቅ መጥራት ነው፤ ደመናው ሲጠቁር ሽቦው ይውረድ፣ ሰውም ይውረድ። ከ3,500 ሜትር በላይ ለመውጣት ሰውነትን ማለማመድ ያስፈልጋል፤ ራስ ምታቱ የበረታበት ሰው በእልኸኝነት አይቀጥል። በሰሜን ተራሮችና በባሌ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የሊቲየም ባትሪ ያን ጊዜ ቻርጅ አይደረግም፣ ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ያድር። ጅብራን ወይም ግራርን ለምሰሶ ብሎ የሚቆርጥ ከእኛ ጋር አይምጣ። ይዘን የወጣነውን ሁሉ፣ የሲባጎዋን ቁራጭ ሳይቀር፣ ይዘን እንወርዳለን።

በሶታ ደንብ ነጥቡ ይቆጠር ዘንድ የእያንዳንዱ አገር ተራሮች ተለክተው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው በዝርዝር ይመዘገባሉ። የእኛን ዝርዝር በትክክል መሥራት ለካርታና ለመልክዓ ምድር ሰዎች ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህንም የሚወስድ ቡድን ይነሳ። እስከዚያው ግን አንጠብቅም።

አዲስ አበባ በአራት በኩል ተራራ አላት፦ በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ዝቋላ። ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከአንዱ ሌላውን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ዓይን የደረሰበት ደግሞ በ145 ሜጋ ኸርዝ የምትሠራ የእጅ ሬዲዮም ትደርሳለች። ክረምቱን በሙሉ እንማር፦ ፈቃዱን፣ ሞርሱን፣ አንቴናውን። መስከረምና ጥቅምትን ከየወረዳው ጋር ለመነጋገር እናውለው። ዝናቡ አቁሞ አየሩ ሲጠራ፣ በኅዳር ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አራት ቡድኖች በአራቱ ተራሮች ላይ ይገኙ። እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች፣ አንድ ቀርከሃ፣ አንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ አንድ የእጅ ሬዲዮና አንድ መዝገብ ይያዝ። ከክልል ያላችሁ በየተራራችሁ ውጡና በ7 ሜጋ ኸርዝ አድምጡን፤ በውጭ ያላችሁ በ14 እና በ28 ጠብቁን። በዓለም የአማተር ሬዲዮ ቀን፣ ሚያዝያ 10፣ ደግሞ ከአራቱ ተራሮች ወደ አርባ እናሳድገዋለን።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የእንጦጦ ቡድን ይጀምራል። መነሻ ፍሪኩዌንሲው 145.500 ነው። የየረር ቡድን የመጀመሪያውን መልስ ይስጥ፣ ወጨጫ ይከተል፣ ዝቋላ ይድገም። ማን የትኛውን ተራራ እንደሚይዝ ከዛሬ ጀምሮ ተነጋገሩ፤ ስማችሁን ለማኅበሩና ለየዩኒቨርሲቲያችሁ ክለብ ስጡ፣ ክለብ ከሌለ አምስት ሆናችሁ መሥርቱ።